9900 የሚል ባትሪ ካያችሁ እለፉት

ለእጅ መብራት ወይም ለሚኒ ፋን የሚሆን 18650 ባትሪ ከቴሌግራም ወይም ከኦንላይን ገበያ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 18650 የሚባለው ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው ክብ ሊቲየም ባትሪ ነው። በዚህ መጠን ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጡት ጥሩዎቹ እንኳ የሚይዙት 3500 ኤምኤኤች (mAh፣ የባትሪ አቅም መለኪያ) አካባቢ ነው። 9900 የሚል ካያችሁ ዋጋ እንኳ አትከራከሩ።

ተንኮለኛው ግን 3000 ብሎ የሚጽፈው ነው። ቁጥሩ ያሳምናል። እዚህ ላይ የሚፈርደው ሚዛን ነው። ትክክለኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሻጩን «ሚዛን ላይ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ» በሉት። 30 ግራም ካለ ነገሩ አለቀ።

ክብደቱ ልክ ሆነ ብላችሁም ቶሎ አትመኑ። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ተፈትቶ አዲስ ላስቲክ የሚለብስ አለ። ኪሎው አይጎድልም፣ ጉልበቱ ግን አልቋል። ሁለቱን ጫፎች በደንብ እዩ። ጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦች ወይም የተላጠ ብረት ካለ ያገለገለ ነው። የተሸበሸበ ላስቲክና የደበዘዘ ጽሑፍም ያሳብቃሉ።

ቁርጡን የሚነግራችሁ አቅም የሚለካ ቻርጀር ነው። ባትሪውን ሞልቶ፣ መልሶ እያራገፈ ስንት እንደያዘ ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል። ዕቃው እንደደረሰ ለኩት። የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍም የስክሪኑን ፎቶ ለሻጩ ላኩ።