ስኳር መለኪያ ቤት ስናስገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

እማዬ ስኳር እንዳለባት ካወቅን 9 ዓመት ሆነን። የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። በእነዚህ ዓመታት 3 መለኪያ ገዝተናል ወይም ተልኮልናል። ሁለቱ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ዛሬ የምንሠራበት አንዱ ብቻ ነው። ከታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል፤ የቀሩትን ዘመድና ጎረቤት ቤት አይቻለሁ። ሌላው ሰው ገንዘቡን እንዳያባክን፣ ጣቱንም በከንቱ እንዳይወጋ ብዬ ነው።

ማሽኑን አይቶ ስትሪፑን መርሳት

የመጀመሪያውን መለኪያ ወንድሜ ከውጭ ላከልን። ያምር ነበር። ስክሪኑ ይበራል፣ ውጤቱን ስልክ ላይ ይልካል። 50 ስትሪፕ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተሰክቶ የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭን መለኪያ፣ አብሮት መጣ። በወር ከምናምን አለቀ። ከዚያ ፒያሳ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ፣ የለም። ኮምቦልቻ ሰው አስጠየቅሁ፣ እዚያም የለም። እማዬ 2 ወር ሙሉ ሳትለካ ቀረች።

እያንዳንዱ ማሽን የሚሠራው በራሱ ስትሪፕ ነው። የሌላው ማሽን ስትሪፕ ቢገባለት እንኳ ውጤቱ አይታመንም። ማሽን የሚገዛው አንዴ ነው፤ ስትሪፕ ግን በየወሩ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ስትገቡ ጥያቄው ከስትሪፑ ይጀምር። ዋጋው ስንት ነው? ጠፍቶ ያውቃል? ሌላ መድኃኒት ቤትስ ይገኛል? ከዚያ አስሉት። በቀን 2 ጊዜ የሚለካ ሰው በወር 60 ስትሪፕ ይፈጃል፤ 50 የሚይዘው ብልቃጥ አይበቃውም። ይህንን ወርኃዊ ወጪ ከቻላችሁት ማሽኑን ግዙ። ካልቻላችሁት ርካሽ ስትሪፕ ያለውን፣ ተራ የሚመስለውን ማሽን ምረጡ። የእኛ ሦስተኛው እንደዚያ ነው፤ መብራትም ብሉቱዝም የለውም፣ ግን ስትሪፑ ጠፍቶብን አያውቅም።

ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ «ማሽን ልላክ?» ሲል፣ እዚህ የሚገኘውን ስትሪፕ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለትና ለእሱ የሚሆን ይፈልግ።

አሃዱን ሳያዩ ቁጥሩን ማንበብ

ያው የመጀመሪያው ማሽን ሌላም ጣጣ ነበረበት። አንድ ቀን 9.4 አሳየ። ቤት የነበረች ጎረቤታችን ደነገጠች። «ዘጠኝ? ስኳሯ አልቋል!» ብላ ሻይ በ4 ማንኪያ ስኳር አጠጣቻት። እኔ ስደርስ እማዬ ሻዩን ጨርሳ ነበር።

እኛ አገር ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። እንግሊዝና ካናዳ ግን በሚሊሞል በሊትር ይለካሉ። ሚሊሞሉን በ18 ስታባዙት የእኛ ቁጥር ይመጣል። 9.4 ማለት 169 ገደማ ነው። ስኳሯ አልወረደም ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል። ከመግዛታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን አሃድ ባለሙያው እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ቤት ላለው ሰው ሁሉም አሳዩት።

ባልታጠበ ጣት መለካት

ይህ ቀላል ይመስላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን እሱ ነው። እማዬ ለልጆች ብርቱካን ልጣ ሰጠችና ተለካች፤ 286። ተረበሽን። እጇን በሳሙና ታጥባ ስትደግም 141 ሆነ። ጣቷ ላይ የቀረው ጭማቂ ነው ልዩነቱ። ማሽኑ የሚወስደው ጠብታ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ቆዳ ላይ የቀረ የማይታይ ስኳር ይበቃል። ማር፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ፣ የሻይ ስኳር ሁሉም ያው ነው። በዚያ 286 ተመርቶ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ደህና አድርጋችሁ አድርቁ። ለብ ያለ ውሃ ከሆነ ደሙም በቀላሉ ይመጣል። በአልኮል ከጠረጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። መንገድ ላይ ሆናችሁ ውሃ ካጣችሁ የመጀመሪያውን ጠብታ ጥረጉና ሁለተኛውን ተጠቀሙ።

ጣትን መጭመቅ

ደም አልመጣ ሲል ጣትን አጥብቆ ማለብ ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ከደሙ ጋር ይቀላቅልና ውጤቱን ያዛባል። ክንዳችሁን ወደታች አንጠልጥሉ፣ እጃችሁን አሙቁ፣ ከዚያ ውጉ። የጣቱን ጎን እንጂ መሃል ጫፉን አትውጉ፤ ጎኑ ብዙም አያምም።

ስትሪፑን ለሙቀት፣ ለእርጥበትና ለብርድ መተው

ወሎ ውስጥ ይህን በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል። ከደሴ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ አየሩ ወዲያው ይለወጣል፤ ባቲና ከሚሴ ደግሞ ይብሳል። ስትሪፕ ላይ ያለው ኢንዛይም ነው ስኳሩን የሚለካው። ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። አብዛኛው ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። አጎቴ ከሚሴ ነው፤ ስትሪፑን መኪናው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር ትቶት ይውል ነበር። በዚያ ስትሪፕ የሚመጣውን ቁጥር ምኑን ታምነዋለህ?

ስትሪፑን ከራሱ ብልቃጥ አታውጡ። «ለመንገድ 5 ብቻ» ብሎ በፌስታል መቋጠርም አይሆንም። አንዱን አውጥታችሁ ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ። ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ እንደ አምራቹ 3 ወይም 6 ወር ነው የሚቆየው፤ ወረቀቱን እዩ። የተከፈተበትን ቀን እኛ በእስክሪብቶ ብልቃጡ ላይ እንጽፋለን።

ብርዱም አለ። ብዙ ማሽኖች የሚሠሩት ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ታኅሣሥ ላይ ደሴ በማለዳ፣ ጉጉፍቱና ደላንታ ደግሞ ከዚያም በባሰ፣ ማሽኑ የቴርሞሜትር ምልክት አሳይቶ እምቢ ይላል። አልተበላሸም። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። አክስቴ ቶሎ ይሙቅ ብላ የቡና ከሰሉ ጎን አስቀመጠችው፤ እንደዚያ ግን አታድርጉ። በጣም ከፍ ባለ ደጋ የምትኖሩ ሰዎች ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ወረቀቱ ላይ አንብቡ። ብዙዎቹ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ይወሰናሉ። ደሴ 2,500 ገደማ ስለሆነች ችግር የለባትም።

ሁለት ልኬት ሲለያይ «ማሽኑ ውሸታም ነው» ማለት

አንዴ 152፣ ወዲያው 163 ቢል አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይኤስኦ 15197 የተባለው የስኳር መለኪያዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት እንኳ ከ100 በላይ ላለ ውጤት ከላቦራቶሪ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል። መጠርጠር ያለባችሁ ቁጥሩ ከሰውነታችሁ ስሜት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ያኔ ታጥባችሁ በአዲስ ስትሪፕ ድገሙ። ሆስፒታል የላቦራቶሪ ደም በምትሰጡበት ጠዋት ማሽኑን ይዛችሁ ሂዱና፣ ምንም ሳትበሉ፣ በዚያችው ደቂቃ ለኩ። ከዚያ አወዳድሩ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ማሽኑ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር።

ማሽኑ በቁጥር ፋንታ «ሃይ» (HI፣ ከፍተኛ) የሚለውን ቃል ከጻፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ ማሽኖች ከ600 በላይ ማለት ነው። ታጥባችሁ ድገሙትና ያንኑ ካለ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ጠዋት ብቻ መለካት

እማዬ ለዓመታት ጠዋት ብቻ ነበር የምትለካው። 118፣ 124፣ 120። እሰየው እንል ነበር። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን ከፍ ብሎ ይመጣል። ግራ ገባን። አንዲት ነርስ «ከምሳ በኋላ ለክተው ያውቃሉ?» አለቻት። ለክታ አታውቅም።

ምሳ መብላት ከጀመረች 2 ሰዓት በኋላ ስንለካ 240 ሆነ። ምክንያቱ እንጀራው ብቻ አልነበረም። ቡናው ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በእያንዳንዱ ሲኒ 2 ማንኪያ ስኳር። 6 ማንኪያ መሆኑ ነው። ቡናውን አላስተዋትንም፤ ወሎዬን ቡና ማስተው እንዴት ይቻላል? ስኳሩን ግን ተወች። በሳምንቱ ከምሳ በኋላ 175 ሆነ።

እርጉዝ ላልሆኑ ብዙ አዋቂዎች የሚባለው ልክ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። የእናንተን ልክ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ስትሪፕ ለመቆጠብ አንድ ቀን በቁርስ፣ አንድ ቀን በምሳ፣ አንድ ቀን በራት ዙሪያ እያፈራረቃችሁ ለኩ። ቁጥሩን ከበላችሁት ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። የኪኒኑን ወይም የኢንሱሊኑን መጠን በአንድ ቁጥር ተነስታችሁ በራሳችሁ አትለውጡ።

መውጊያ መዋዋስ

«እስቲ የእኔንም ለኪልኝ» ብሎ ጎረቤት ይመጣል። ቡና ተፈልቶ ሳለ እምቢ ማለት ይከብዳል። መርፌው ቢቀየር እንኳ የመውጊያው እጀታ ላይ የማይታይ ደም ይቀራል፣ ሄፓታይተስ ቢም በዚያ ሊተላለፍ ይችላል። መውጊያ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ያገለገለውን መርፌ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ክተቱና ሲሞላ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በጾም ጊዜ መለኪያውን ማስቀመጥ

ረመዳን ላይ «ደም ከወጣ ጾሙ ይፈርሳል» ብለው መለካት የሚያቆሙ አሉ። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን አያፈርስም። እንዲያውም መለኪያው ከመቼውም በላይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን ለሚውጥ ሰው። ቀን ላይ፣ ከአፍጥር በፊትና ከአፍጥር 2 ሰዓት በኋላ ለኩ። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ ይፈታል፤ አዛን 10 ደቂቃ ቢቀረውም። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትም ላብ ላብ ሲላቸው፣ ሲንቀጠቀጡ «ትንሽ ልታገስ» አይበሉ፤ ይለኩ።

ከ70 በታች ሲሆን 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መልሶ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፣ ሐኪም ቤት አድርሱት።

የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን በጾም ስለሚቀየር ሐኪም ጋ የሚኬደው ጾሙ ከገባ በኋላ አይደለም። ረመዳን 2 ወር ሲቀረው፣ ረጀብ ሲገባ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁዳዴን ለሚጾሙም ከዘወረደ ወር ተኩል ቀደም ብሎ።