ተሳቢው ከኋላ ሲገፋ፦ የኤሌክትሪክ ፍሬን ችግርና መፍትሄ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሾፌር፣ ተሳቢ ከኋላ ሲገፋ ምን እንደሚሰማ ያውቀዋል። መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ያውም ኩርባ በኩርባ። ፒካፑ ጀኔሬተር ወይም የውሃ ታንከር የጫነ ተሳቢ እየጎተተ ከሆነ፣ የመኪናው ፍሬን ብቻውን የሁለቱን ክብደት መሸከም የለበትም።

የጅቡቲን መስመር የሚመላለሱት ትልልቆቹ ተሳቢዎች ፍሬናቸው የአየር ስለሆነ እዚህ አንነካቸውም። ከአውሮፓ የሚመጡ ብዙዎቹ ትንንሽ ተሳቢዎች ደግሞ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ራሱ ገፍቶ የሚያሠራው ሜካኒካል ፍሬን አላቸው። የአሜሪካ ሥሪት ከሆነና ከጎማው ጀርባ ወደ ታምቡሩ የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ካያችሁ ግን የኤሌክትሪክ ነው። ታምቡሩ ውስጥ ማግኔት አለ። ፍሬን ሲረገጥ መሪው አጠገብ የታሰረው ኮንትሮለር ኤሌክትሪክ ይልክለታል፤ ማግኔቱ በሚሽከረከረው የታምቡር ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ታምቡሩ ይዞት ሊዞር ሲል ማንሻው ይገፋና የፍሬን ሸራዎቹ ተከፍተው ታምቡሩን ይይዛሉ።

ጋራዥ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚከሰው ሳጥኑን፣ ማለትም የፍሬኑ ጉልበት በቁጥር የሚስተካከልበትን ኮንትሮለር ነው። አንድ የባቲ ሾፌር፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ «ወላሂ ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ሌባ ነው። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ጨመርኩለት፣ አሁንም አይዝም» አሉኝ። «አባባ፣ ሳጥኑን ይተዉት፤ መጀመሪያ ሽቦውን እንከተል» አልኳቸው። ተሳቢው በቅርቡ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ማሳው፣ ማለትም ኔጋቲቩ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበት ቡሎን፣ በቀለሙ ላይ ነው የታሰረው። በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ፈግፍገን አጠበቅነው። ሳጥኑ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ምንም አይዝም

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ፦ የማይዘው ፔዳል ሲረገጥ ብቻ ነው ወይስ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የሚያሠራው የኮንትሮለሩ የእጅ መግፊያም ሲገፋ? በእጅ ይዞ በፔዳል እምቢ ካለ፣ ተሳቢው ሥር መተኛት አያስፈልግም። ኮንትሮለሩ ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው ከስቶፕ መብራት ማብሪያ በሚመጣ ሽቦ ነው። የስቶፑ ፊውዝ ከተቃጠለ ወይም ያ ሽቦ ከወለቀ ሳጥኑ ምንም አይሰማም።

በሁለቱም ካልያዘ ወደ ሶኬቱ ሂዱ። የእኛ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላሉ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኮንትሮለሮች ጥቁሩ ሽቦ ከባትሪ የሚመጣ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጋቲቭ፣ ቀዩ የስቶፕ፣ ሰማያዊው ወደ ተሳቢው ፍሬን የሚሄድ ነው። ተሳቢው ቀድሞ በሌላ እጅ ከተገጣጠመ ግን ቀለም አትመኑ፣ በቴስተር አረጋግጡ።

ቴስተር ከሌለ ተራ ኮምፓስ ይበቃል። አንድ ሰው የእጅ መግፊያውን ሲገፋ እናንተ ኮምፓሱን ታምቡሩ አጠገብ ያዙ፤ መርፌው ከዘለለ ማግኔቱ ኤሌክትሪክ አግኝቷል። የማግኔቱን ጉልበት ግን አይነግራችሁም። ጉልበቱን የሚናገረው አምፔር ነው። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ታምቡር ውስጥ የሚገባ የተለመደ ማግኔት ሬዚስታንሱ 3.2 ኦም ገደማ ሲሆን በ12 ቮልት ከ3 እስከ 4 አምፔር ይስባል። አምፔር መለኪያውን በሰማያዊው ሽቦ መሀል አስገብታችሁ መግፊያውን እስከ መጨረሻው ግፉ። ሁለት ፍሬን ያለው ከ6 እስከ 8፣ አራት ያለው ከ12 እስከ 16 ማሳየት አለበት። ባለ አራቱ 9 ወይም 10 ካሳየ አንዱ ማግኔት ሞቷል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ዜሮ ከሆነ መስመሩ በሙሉ ተቆርጧል፤ ወይ ማሳው የለም።

ይይዛል ግን ደካማ ነው

አብዛኛው ጣጣ እዚህ ነው፤ ሰውም ቁጥር ጨምሮ የሚያልፈው ይሄንኑ ነው። በቀጭን የቤት ሽቦ የተቀጠለ መስመር ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ ይበላዋል። መግፊያው ተገፍቶ ሳለ ኮንትሮለሩ መውጫ ላይ ያለውን ቮልት ለኩ፣ ከዚያ ማግኔቱ ሽቦ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ቮልት ከበለጠ እኔ ሽቦውን እቀይረዋለሁ እንጂ ታምቡር አልከፍትም።

ሽቦው ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ፍሬኖች ራሳቸውን አያስተካክሉም። ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ በጀርባው ባለችው ቀዳዳ ጥርሳሟን ማስተካከያ በካቻቢቴ አዙሩ፤ ጎማው በእጅ ለመዞር እስኪከብድ አጥብቁ፣ ከዚያ በነፃነት ዞሮ ሸራው ለስለስ ብሎ ሲነካ ብቻ እስኪሰማ መልሱ። ሸራው አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ ከዚያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይደገማል።

ታምቡሩ ከተከፈተ አይቀር ማግኔቱን እዩት። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጡ፤ ወደ አንድ ጎን ከተበላ ወይም ውስጡ ያለው የመዳብ ጥምጥም ከታየ ይቀየራል። ሸራው ላይ ግራሶ ካለም በቤንዚን አጥቦ መመለስ ዋጋ የለውም፤ ጠጥቶታል። በአንዱ ጎን ብቻ ቢሆን እንኳ የዚያን አክሰል ሸራ በሁለቱም ጎን ቀይሩ። ግራሶው የሚገባው ብዙ ጊዜ ኩሽኔታውን በፓምፕ ሲሞላ እጁን ከማይሰበስብ ረዳት ነው፤ ማኅተሙ ይገፋና ሁሉም ወደ ታምቡር ይፈስሳል።

ድንገት ቀጥ ያደርጋል፣ ወደ ጎን ይጎትታል

ባዶውን ጎማው የሚታሰር ከሆነ ቁጥሩ በዝቷል፤ ለጭነት ያስተካከላችሁትን ባዶ ስትመለሱ ቀንሱት። አስተካከሉም ቀላል ነው። ደረቅ፣ ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ መግፊያውን ብቻ ግፉ፤ ጎማው እስኪታሰር ድረስ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱ። ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ ከተጎተተበት ማዶ ያለው ጎማ አይሠራም ማለት ነው፤ ምርመራውን ከዚያ ጀምሩ።

ሳይረገጥ ይይዛል፣ ይሸታል

ሶኬቱን ንቀሉ። ፍሬኑ ከለቀቀ ኤሌክትሪኩ ሾልኮ የሚመጣው ከመኪናው ነው፦ የተነካካ ሽቦ፣ የተቀረቀረ መግፊያ ወይም ጠማማ ታስሮ መኪናው ፍጥነት የቀነሰ የመሰለው ኮንትሮለር። ፍጥነት መቀነስን በራሳቸው የሚለኩት ኮንትሮለሮች አምራቹ ባዘዘው አቅጣጫ ካልታሰሩ ይወናበዳሉ። ሶኬቱ ተነቅሎም ከያዘ ተሳቢው ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ አላቁ። አሁን ከለቀቀ፣ ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬን እንዲይዝ የተሠራችው ማብሪያ ፒኗ ተስባ ወጥታለች ወይም ውስጧ ውሃ ገብቷል። አሁንም ካለቀቀ ነገሩ የብረት ነው፤ ማስተካከያው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም መመለሻ ሞላው ተበጥሷል።

ያቺን ባትሪ ብዙ ሰው ይረሳታል። በአሜሪካ ሕግ ተሳቢው ከተላቀቀ በኋላ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ፍሬን ይዞ መቆየት አለበት። ስትፈትሹ ሶኬቱን መጀመሪያ ንቀሉ፣ ፒኗን ሳቡና ተሳቢውን ለመግፋት ሞክሩ፣ ቶሎ መልሱ።

ማግኔት በየወሩ ይቃጠላል

ተሳቢውን በምን ነው የምትጎትቱት? ፒካፖቹ ባለ 12 ቮልት ናቸው፤ አብዛኞቹ የጭነት አይሱዙዎች ግን ባለ 24። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ማግኔቱም ይነድዳል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 መስረቅም መፍትሄ አይደለም፤ ያ ባትሪ ቀድሞ ይሞታል። 24ን ወደ 12 የሚቀይር፣ ለአራት ፍሬን ቢያንስ 20 አምፔር የሚችል መቀየሪያ አስገቡ።

ሐረጎ ላይ መግፊያውን ይዛችሁ አትውረዱ፤ ሸራው ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ታች ኮምቦልቻ ስትደርሱ ቆማችሁ እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጉ። ከሌሎቹ የበለጠ የሚያቃጥል ካለ ጠብቋል ወይም አይለቅም። ቀዝቃዛው መንገዱን በሙሉ ምንም አልሠራም፤ ከእሱ ጀምሩ።