ሮታክስ 912ን በቤት በሚሠራ አውሮፕላን ላይ መግጠም፦ ከሽቦው እስከ መጀመሪያው ማስነሳት

ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ፋብሪካ ተፈትሾ የሚመጣ ሞተር ነው። ሲያስቸግር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው ራሱ ባያያዘው ነገር ላይ ይገኛል።

ከግራውንድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ከሚመለስበት መስመር፣ ይጀምሩ። ሞተሩ የሚቀመጠው በጎማ መደገፊያዎች ላይ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኝም። ከሞተሩ አካል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስ ወፍራም ሽቦ ከተረሳ፣ የሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) ኃይል በነዳጅ መስጫው ካቦ በኩል ይመለሳል፤ ካቦው ይግላል፣ ይጣበቃል። ሞተሪኖው እየዞረ በሞተሩ አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ቮልቴጁን ይለኩ። ግማሽ ቮልት ከደረሰ ማያያዣው ላልቷል ወይም ሥሩ ያለው ቀለም አልተፋቀም።

ለቀጫጭን መስመሮች ቁጥር 22 ሽቦ (ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል) በ5 አምፒር ፊውዝ፣ ቁጥር 18 በ10 አምፒር ይበቃል። ጫፎቹን በትክክለኛው መቆንጠጫ ይጭመቁ እንጂ አይበየዱ። ብየዳ ወደ ሽቦው ውስጥ ሠርጎ ያደርቀዋል፤ ከዚያ ንዝረቱ በደረቀው ጠርዝ ላይ ይበጥሰዋል።

ባትሪውን የሚሞላውን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ሬጉላተር ሙቀት አይወድም፤ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ከማርሚታው ርቆ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይታሰር። አጠገቡ 22,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይግባ።

ሞተሩ ሁለት ኢግኒሽን (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጥ ክፍል) አለው። የኢግኒሽን ማብሪያ ከቤት መብራት ተቃራኒ ነው፦ ሽቦው ግራውንድ ሲነካ ኢግኒሽኑ ይጠፋል፣ ሲበጠስ በርቶ ይቀራል። ስለዚህ ማብሪያው «ጠፍቷል» ቢልም ፕሮፔለሩን እንደ ተጎረሰ ጠመንጃ ይዩት።

የነዳጅ መስመር ግምት አያውቅም፤ ይለካል። ሞተሩ በሙሉ ኃይል በሰዓት 27 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ፓምፕ የሚገፋው መስመር ከዚህ ሩብ ያህል በላይ ማድረስ አለበት፤ ይህም በደቂቃ ወደ 560 ሚሊ ሊትር ነው። አፍንጫውን ሽቅብ በሚወጣበት ከፍተኛ ማዕዘን ልክ ያንሱ፣ ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ብቻ ያስቀሩ፣ ቱቦውን ካርቡሬተሮቹ ጋ ፈተው በኤሌክትሪክ ፓምፑ መስፈሪያ ባለው ዕቃ ላይ ይልቀቁ። ለ10 ደቂቃ ሲፈስ 5.6 ሊትር ካልሞላ መጀመሪያ የታንከሩን መተንፈሻ፣ ቀጥሎ ፊልተሩን፣ ከዚያ የሾሉ ክርኖችን ይፈትሹ። ፓምፑን መቀየር የመጨረሻው ነው። በሞተሩ ክፍል ያሉት ቱቦዎች ሁሉ የእሳት መከላከያ እጅጌ ይልበሱ።

ዘይት 3 ሊትር ገደማ ይገባል። ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ከየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ ይፍቱ፤ የሁለቱም ኢግኒሽኖች የማጥፊያ ሽቦ ግራውንድ መንካቱን በሜትር አረጋግጠው፣ የዘይት ግፊት በጌጁ ላይ እስኪታይ ፕሮፔለሩን በዙረቱ አቅጣጫ በእጅ ያዙሩ። ወደ ኋላ ማዞር አየር ያስገባል።

ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሰው፣ ጭራውን አስረው፣ የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ከጎን አቁመው ያስነሱ። በ10 ሰከንድ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ ያጥፉ። ከታየ 2 ደቂቃ በደቂቃ 2000 ዙር፣ ከዚያ ዘይቱ 50 ዲግሪ እስኪደርስ በ2500 ያሙቁት። በ4000 ዙር ኢግኒሽኖቹን በየተራ ያጥፉ፦ የአንዱ መውረድ ከ300፣ የሁለቱ ልዩነት ከ115 ዙር አይለፍ። አንዱን ሲያጥፉ ዙሩ ጭራሽ ካልወረደ አይደሰቱ፤ የማጥፊያው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው።