የተለያየ ዘመን የክሪኬት ተጫዋቾችን እንዴት እናወዳድር?

የድሮው የአውስትራሊያ መቺ ብራድማን ይበልጣል ወይስ የቅርቡ የህንዱ ቴንዱልካር የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ቁጥር ደርድሮ ትልቁን ይመርጣል፣ ሌላው ደግሞ የድሮውን ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ አይቶ "ይሄማ ዛሬ ቢሆን አንድ ኳስ አይነካም" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ውሃ አያነሳም። መጠየቅ ያለበት ሰውየው አብረውት በነበሩት፣ በዛው ሜዳ፣ በዛው ህግ ከተጫወቱት በምን ያህል በለጠ የሚለው ነው፣ ማወዳደር ያለብን ያንን ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ጠቅላላ ድምሩን እርሱት። ቴንዱልካር በ200 ቴስት (ለቀናት የሚቆይ የሀገራት ግጥሚያ) 15,921 ረን (ነጥብ) አለው፣ ብራድማን በ52 ቴስት 6,996። በድምር ከሄድን ብራድማን ግማሹም አይደርስም፣ ግን ያኔ ግጥሚያው በጣም ጥቂት ነበር፣ በዛ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጉልበቱ ዘመን ላይ በርካታ ዓመት በላበት። ስለዚ የሚታየው አቬሬጅ ነው፣ ያስቆጠረውን ረን፣ አውት በሆነበት (ተጋጣሚ ከመምታት ባስወጣው) ጊዜ ብዛት ታካፍላለህ፣ አውት ሳይሆን የጨረሰበት ተራ ረኑ ይቆጠርለታል አውት ግን አይባልም። ብራድማን 80 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 10 ጊዜ ሳይወጣ ጨርሷል፣ 6,996 ለ70 ሲካፈል 99.94። በፈረንጆቹ 1948 ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ የመጨረሻ ተራው ሲደርስ 4 ረን ብቻ ቢያገኝ አቬሬጁ ድፍን 100 ይሆን ነበር፣ የእንግሊዙ ኳስ ወርዋሪ ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛዋ ኳስ በዜሮ አስወጣው።

አሁን ዋናው ስራ ይመጣል። "ያኔ መምታት ቀላል ነበር" ለሚል ሰው መልሱ በጣም አጭር ነው፣ ቀላል ከነበረ የሌሎቹስ አቬሬጅ ለምን 90 አልገባም? የእንግሊዙ ዋሊ ሃመንድ በዛው ዘመን 58.45 ነው ያለው፣ እሱም በዘመኑ ታላቅ የተባለ ነው። በታሪክ በቂ ግጥሚያ ካላቸው መሀል ብራድማንን ለረጅም ጊዜ የተከተሉት ግሬም ፖሎክ፣ ጆርጅ ሄድሊና ኸርበርት ሰትክሊፍ 61 አካባቢ ናቸው። ቴንዱልካር 53.78 ነው፣ እሱ ግን አጠገቡ እንደ ላራ፣ ፖንቲንግና ካሊስ ያሉ ተቀራራቢ ሰዎች ነበሩት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ቀጥሎ የሁኔታው ሂሳብ፣ እሱን ደግሞ በሁለቱም በኩል አስሉት፣ ብዙ ሰው ለሚወደው ተጫዋች የሚጠቅመውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ለብራድማን የሚቆጠርለት፦ ሄልሜት የለም (የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው)፣ ፒቹ (ኳሷ የምትነጥርበት መሬት) ዝናብ ሲመታው አይሸፈንም፣ የረጠበ ፒች ላይ ደግሞ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። የሚቆጠርበት፦ ቴስት የተጫወተው አውስትራሊያና እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከ52ቱ 37ቱ ከእንግሊዝ ጋር። ቴንዱልካር ግን ሀገር ለሀገር እየዞረ፣ እያንዳንዱ ድክመቱ በቪዲዮ እየተጠና 24 ዓመት ተጫውቷል። እና ብራድማንን በሀሳብ ወደ ዛሬ ካመጣችሁት ከነሄልሜቱ፣ ከነዘመናዊ ልምምዱ አምጡት፣ የ1930ውን ሰው በባዶ እጁ አምጥቶ አቃተው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው መለኪያ ተጋጣሚ ለአንድ ሰው ብሎ እቅድ ሲያወጣ ምን ሆነ የሚለው ነው። በ1932/33 እንግሊዞች ብራድማንን ለማቆም ቦዲላይን የሚባለውን ዘዴ ይዘው መጡ፣ ወርዋሪያቸው ላርዉድ በዛ ፍጥነቱ ኳሷን አጠር አድርጎ ወደ ሰውነት ይለቃታል፣ በእግር በኩል ደግሞ የሚቀልቡ ሰዎች ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ሜልቦርን ላይ ብራድማን ገና የመጀመሪያዋን ኳስ ከፍ ትላለች ብሎ ሲመታት አልተነሳችለትም፣ ባቱን (መምቻውን) ነክታ ከኋላው ያሉትን እንጨቶች መታች፣ በዜሮ ወጣ። በሁለተኛው ተራ ግን ቡድኑ በጠቅላላ 191 ሲያስቆጥር እሱ ብቻውን 103 አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨረሰ። በዛ ሲሪስ (የተከታታይ ግጥሚያዎች ዙር) አቬሬጁ 56.57 ነበር፣ ተቻለ የተባለበት ጊዜ ማለት ነው፣ ከቴንዱልካር የእድሜ ልክ አቬሬጅ ግን ይበልጣል። ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ቦውለሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ ማንን እንዳስወጣ ማየት አለባችሁ። የስሪላንካው ሙራሊታራን 800 ዊኬት አለው (800 ጊዜ መቺ አስወጥቷል ማለት ነው)፣ የአውስትራሊያው ሼን ዋርን 708። ከሙራሊ 176ቱ ከባንግላዴሽና ከዚምባብዌ የተገኙ ናቸው፣ ዋርን ከነሱ ያገኘው 17 ብቻ ነው። ግን ዋርን የዘመኑን ሃያል ቡድን አውስትራሊያን ገጥሞ አያውቅም፣ የራሱ ቡድን ነው'ኮ! እኔ በጥቂቱም ቢሆን ዋርንን አስቀድማለሁ፣ ሙራሊን የሚያስቀድም ሰው ግን ተሳሳትክ አልለውም። የእንግሊዙ ሲድኒ ባርንስም በ27 ቴስት 189 ዊኬት አለው፣ ለአንድ ዊኬት ያስቆጠረበት በአማካይ 16.43 ረን ብቻ ነው፣ ለማመን ይከብዳል፣ ከነዛ ውስጥ ግን 49ኙን ያገኘው በ1913/14 ደቡብ አፍሪካ ላይ በ4 ግጥሚያ ነው፣ የሚጫወቱትም ምንጣፍ በተነጠፈበት ፒች ላይ ነበር።

የተጫወቱት ጥቂት የሆኑትን ደግሞ ለብቻ አስቀምጧቸው። ባሪ ሪቻርድስ በ4 ቴስት 508 ረን በ72.57 አቬሬጅ አስቆጥሮ ሀገሩ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1970 ጀምሮ ከዓለም አቀፍ ውድድር ስትገለል በዛው ቀረ። በ4 ግጥሚያ ከቴንዱልካር በላይ አታድርጉት፣ ከስምም ዝርዝር አታውጡት፣ በካውንቲ ክሪኬት (የእንግሊዝ የሀገር ውስጥ ውድድር) የሰራውን እዩና ለብቻው ፍረዱ።