ጽንሰ ሐሳብን ከትርጉሙ አልፎ እንዴት መረዳት ይቻላል? ለኮሌጅ ተማሪዎች፦ ከዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ከሥነ ልቦናና ከስታቲስቲክስ

የዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርሶችን የሚወስድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጽንሰ ሐሳቦች ይጎርፉበታል። ብዙው ተማሪ ትርጉሙን አንብቦ፣ ከሥሩ አስምሮ፣ ገባኝ ብሎ ያልፋል። ፈተናው መጥቶ አንድ ሁኔታ ተርኮ "ይህ የትኛው ነው? ለምን?" ሲለው ግን የሸመደደው ትርጉም አይደርስለትም። ችግሩ የስንፍና አይደለም፤ የአጠናን ነው። ጽንሰ ሐሳብ አንድን ጥያቄ ለመመለስ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ጥያቄውን ያላወቀ ሰው መሣሪያውን መቼ እንደሚያነሣው አያውቅም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ለሦስቱም ትምህርቶች ያገለግላሉ። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ ጽንሰ ሐሳቡ የሚመልሰውን ጥያቄ ፈልጉ

"የደኅንነት አጣብቂኝ" የሚለውን ውሰዱ። የተለመደው ትርጉም "አንድ አገር ራሱን ለመጠበቅ የሚወስደው እርምጃ ሌሎችን ስጋት ላይ የሚጥልበት ሁኔታ" የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን ለምን አስፈለገ? ጦርነት የሚነሣው ተስፋፊ መሪ ስላለ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከባዱ ጥያቄ፣ ማንም መውረር ሳይፈልግ የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም እንዴት ሊጀመር ይችላል የሚለው ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጆን ኸርዝ በ1950 ለሐሳቡ ይህን ስም ሲሰጠው ሊያስረዳ የፈለገው ይህንኑ ነው።

አሁን ጥያቄውን ይዛችሁ ሂደቱን ተከተሉት። ከአገሮች በላይ ሆኖ የሚዳኝ፣ ቃሉን ያጠፈውን የሚቀጣ መንግሥት የለም። ሁለት ጎረቤት አገሮች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ድንበሩን ለመጠበቅ ታንክ ይገዛል። ታንክ ደግሞ ለመከላከልም ለማጥቃትም ያገለግላል። ሁለተኛው አገር የጎረቤቱን ልብ ማንበብ አይችልም፤ የሚያየው ታንኩን ነው። የዛሬው መሪ ሰላም ወዳድ ቢሆን እንኳ የነገው ማን እንደሚሆን አያውቅም። ስለዚህ እሱም ይገዛል። ይህን ያየው የመጀመሪያው አገር "ቀድሞም ጠርጥሬው ነበር" ብሎ ይጨምራል። ሁለቱም ገንዘባቸውን አፈሰሱ፤ ሁለቱም ከበፊቱ የባሰ ሰጉ። በመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም።

ሂደቱን እስከዚህ ድረስ ከተከተላችሁ ሌሎች ነገሮች በራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። የጦር መሣሪያ ስምምነቶች ስለ ቁጥጥርና ማረጋገጫ ያን ያህል የሚጨነቁት ለምንድን ነው? ከ1962ቱ የኩባ ሚሳይል ቀውስ በኋላ ዋሽንግተንና ሞስኮ በ1963 ቀጥታ የመገናኛ መስመር የዘረጉት ለምንድን ነው? አንዱ የሌላውን ሐሳብ በእርግጠኝነት ማወቅ አለመቻሉ የችግሩ እምብርት ስለሆነ ነው። እነዚህን ለየብቻ መሸምደድ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ "በምን ይለካል?" ብላችሁ ጠይቁ

በሥነ ልቦና ጭንቀትን በቀጥታ ያየ ማንም የለም። ተመራማሪው የሚያየው በመጠይቅ ላይ የተሰጠ መልስ፣ የልብ ምት ወይም አንድን ቦታ የመሸሽ ባሕርይ ነው። ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ልቡ በኃይል እየመታ "ደኅና ነኝ" የሚል ሰው አለ። ስለዚህ ስለ ጭንቀት የቀረበ ማንኛውም ግኝት ስታነቡ ቀድማችሁ በምን እንደተለካ ፈልጉ።

በዓለም አቀፍ ግንኙነት "ኃይል" ያው ችግር አለበት። ለመለካት ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ ስድስት ነገሮችን ያጣምራል፦ ጠቅላላ የሕዝብ ብዛት፣ የከተማ ነዋሪ ብዛት፣ የብረትና የአረብ ብረት ምርት፣ የኢነርጂ ፍጆታ፣ የሠራዊት ብዛትና የመከላከያ ወጪ። ይህ የሚለካው አገሩ ያለውን ሀብት ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት ዳል በ1957 ያቀረበው ሐሳብ ግን ኃይልን እንደ ግንኙነት ያየዋል፤ አንዱ ወገን ሌላውን ያለ እሱ ግፊት የማያደርገውን ነገር ሲያስደርገው ኃይል አለው ይባላል። በሀብት ቢለካ አሜሪካ ሰሜን ቬትናምን እጅግ ትበልጥ ነበር። በሁለተኛው መለኪያ ግን የጦርነቱ ውጤት ሌላ ነገር ይነግረናል። "ኃያል" የሚለውን ቃል በድርሰታችሁ ውስጥ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ወስኑ፤ መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሦስተኛ፦ ትንሽ ምሳሌ ወስዳችሁ በእጃችሁ ሥሩ

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ በተለይ ለስታቲስቲክስ። ኮምፒውተሩ ውጤቱን በቅጽበት ያወጣል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከምን እንደመጣ ያላየ ተማሪ ውጤቱ ሲሳሳት አያውቀውም። አምስት ቁጥሮች ይበቃሉ።

አምስት ተማሪዎች በሳምንት ያጠኑት ሰዓት 2፣ 3፣ 3፣ 4 እና 18 ነው እንበል። ድምሩ 30፣ አማካዩ 6 ነው። ግን ከአምስቱ 6 ሰዓት አካባቢ ያጠና ማን አለ? ማንም። አራቱ ከአማካዩ በታች ናቸው። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ 3 ነው፤ ቡድኑን ይበልጥ የሚመስለውም እሱ ነው። አሁን 18ን በ5 ተኩት። አማካዩ ወደ 3.4 ይወርዳል፤ ሚዲያኑ ከ3 አይነቃነቅም። የሕዝብ ገቢ ሲዘገብ ብዙ ጊዜ ሚዲያን የሚመረጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም፤ ጥቂት እጅግ ባለጸጎች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል።

ወደ መጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች ተመለሱና መደበኛ ልይይትን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚያሳየውን መለኪያ፣ አስሉ። እያንዳንዱ ከ6 ያለው ርቀት -4፣ -3፣ -3፣ -2 እና 12 ነው። እነዚህን ብትደምሩ ዜሮ ይመጣል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በራሱ እናባዛለን፦ 16፣ 9፣ 9፣ 4፣ 144። ድምሩ 182 ነው። ቁጥሮቹ ከሰፊ ሕዝብ የተወሰዱ ናሙና ከሆኑ በ5 ሳይሆን በ4 እናካፍላለን፤ ምክንያቱም ርቀቱን የለካነው ከራሳቸው ከቁጥሮቹ ካገኘነው አማካይ ስለሆነ ስርጭቱን በጥቂቱ ያሳንሰዋል። 45.5 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱ 6.7 ገደማ ነው። ከ182 ውስጥ 144ቱ ከአንድ ሰው ብቻ እንደመጣ ልብ በሉ። መደበኛ ልይይት ከቡድኑ ራቅ ላለ ቁጥር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይህን በእጁ የሠራ ተማሪ አይረሳውም።

ሌላ ደግሞ፣ ሥነ ልቦናንና ስታቲስቲክስን የሚያገናኝ። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ አንድ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። የመለያ መጠይቁ ከታመሙት 10 ሰዎች 9ኙን በትክክል ይለያል፤ ከጤነኞቹ 9 በመቶ የሚሆኑትን ግን በስሕተት "ታመዋል" ይላቸዋል። መጠይቁ "ታመሃል" ያለው ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 90 በመቶ ገደማ ይላል። ቁጠሩት። ጤነኞቹ 990 ናቸው፤ የእነሱ 9 በመቶ 89 ገደማ ነው። ስለዚህ "ታመሃል" የተባሉት በጠቅላላ 98 ሲሆኑ በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው፤ ከ10 በመቶ በታች። ስሕተቱ የሚመጣው ሕመሙ ከመጀመሪያውም ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ከመዘንጋት ነው። በመቶኛ ሲቀርብ የሚያደናግረው ነገር በሰው ቁጥር ሲቀርብ ግልጽ ይሆናል፤ ይህን ልማድ ለሌሎች የዕድል ስሌቶችም ያዙት።

አራተኛ፦ ከሚመስለው ጋር አቆራኝታችሁ ልዩነቱን አውጡ

ጽንሰ ሐሳብ ብቻውን አይጠናም፤ ከሚምታታበት ጎረቤቱ ጋር ይጠናል። በሥነ ልቦና ፈተና ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው "አሉታዊ ማጠናከሪያ" ነው፤ ተማሪው ቅጣት ይመስለዋል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ባሕርዩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? አንድ ነገር መጣ ወይስ ተወሰደ? መኪና ውስጥ ቀበቶ እስክታስሩ የሚጮኸውን ድምፅ አስቡ። ስታስሩ ድምፁ ይጠፋል፤ ደስ የማይል ነገር ተወሰደ፤ ቀበቶ የማሰር ልማዳችሁም ጨመረ። ባሕርዩ ስለጨመረ ማጠናከሪያ ነው፤ የተወሰደ ነገር ስላለ አሉታዊ ነው። ባሕርዩ ቢቀንስ ኖሮ ቅጣት እንለው ነበር።

በስታቲስቲክስ የናሙና ብዛትና የናሙና ወካይነት እንዲሁ ይምታታሉ። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ገደማ የመጠይቅ ካርዶች ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ አልፍ ላንደን ፕሬዚዳንት ይሆናል ብሎም ተነበየ። ከ48 ግዛቶች 46ቱን ያሸነፈው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበር። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተገኙት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ መልስ የመለሱትም ካልመለሱት የተለዩ ነበሩ። የተዛባ ናሙና ቢበዛ አይታረምም።

ፒ-ቫልዩም በዚህ ረድፍ ነው። 0.03 ስታዩ "መላምቱ ስሕተት የመሆን ዕድሉ 3 በመቶ ነው" ብላችሁ አትጻፉ። የሚለው ይህን ነው፦ በእርግጥ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የገነነ ልዩነት በናሙናችን ውስጥ የማየት ዕድላችን 3 በመቶ ነበር። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ያስጠነቀቀው ይህንኑ መምታታት ነው።

አምስተኛ፦ የማይሠራበትን ቦታ ፈልጉ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው የሰለሞን አሽ የመስመር ሙከራ ሰው ለቡድን እንደሚገዛ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ተሳታፊው የመስመሮችን ርዝመት ያነጻጽራል፣ አብረውት የሚመልሱት ግን ከተመራማሪው ጋር አስቀድመው የተስማሙ ሰዎች ናቸው። ቡድኑ ሆን ብሎ ስሕተት በመለሰባቸው ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ሲሶ የሚሆኑት ከቡድኑ ጋር ተስማሙ። ቀሪዎቹ ሁለት ሦስተኛ አልተስማሙም፤ ከተሳታፊው ጎን የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ሲገኝ ደግሞ መገዛቱ በእጅጉ ቀነሰ። ይህን የሚጽፍ ተማሪ መልሱ ወዲያው ከሌላው ይለያል። በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ሥራም 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሞክሮ፣ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ውጤት የተገኘው በ36 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ስለ ደኅንነት አጣብቂኝም እንዲሁ ጠይቁ። አንዱ ወገን በእርግጥ ሊወር ያሰበ ከሆነ ሌላው የሰጋው በማስረጃ ነው፤ አጣብቂኝ የለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የብሪታንያና የጀርመን የባሕር ኃይል ፉክክር የትኛው እንደነበር የታሪክ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ፤ ለድርሰት መልካም ርእስ ነው።

ስድስተኛ፦ መጽሐፉን ዘግታችሁ ጻፉት

ደግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች፣ አንብበው ያስታወሱትን ከጻፉት ይልቅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በልጠው ነበር፦ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ያስታወሱትን የጻፉት 56 በመቶ፣ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ።

ስለዚህ ምዕራፉን እንደጨረሳችሁ ባዶ ወረቀት አውጡ። ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ ጥያቄውን፣ መለኪያውን፣ የራሳችሁን ምሳሌ፣ የሚምታታበትን ጎረቤትና የማይሠራበትን ቦታ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ያልመጣላችሁን ክፍት ተዉት፤ ከዚያ ብቻ መጽሐፉን ክፈቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት፤ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ። ሦስቱን ትምህርቶች ቀላቅላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል፤ ፈተናው "ይህ ጥያቄ ከምዕራፍ አራት ነው" ብሎ አይነግራችሁምና የትኛው ጽንሰ ሐሳብ እንደሚያስፈልግ መለየቱንም አብራችሁ ትለማመዳላችሁ።