ነጩ ላባ እንዳይቃጠል፦ ወፎችን በሮው ማንሳትና ፋይሉን ማሰናዳት

ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ ሲራገፍ ዳር ዳሩን የሚሽከረከረው ሳቢሳ ለካሜራ ከባድ ፈተና ነው። ወፉ ነጭ ነው፣ ከኋላው ያለው ውሃ ጥቁር አረንጓዴ። ካሜራው ፍሬሙን የሞላውን ጥቁር ውሃ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ሳቢሳውም ይቃጠላል። ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት አንገቱ ላይ አንድም የላባ መስመር አይታይም፤ ነጭ ወረቀት የተለጠፈ ይመስላል። «ሮው ስለሆነ በኋላ አስተካክለዋለሁ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ጋ አይሠራም። ሮው ማለት ካሜራው ሳያሰናዳው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ነው፤ የሚይዘው ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የመዘገበውን ነው፤ ሴንሰሩ ሞልቶ ከፈሰሰ የሚመለስ ነገር የለም።

ለወፍ ፎቶ ሮው የሚመረጠው ለምን እንደሆነ በቁጥር ይታያል። ጄፔግ (ካሜራው አሰናድቶና ጨምቆ የሚያወጣው የተለመደው የፎቶ ፋይል) ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፣ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384። ሴንሰሩ ብርሃንን የሚቆጥረው በቀጥታ ስለሆነ ከነዚህ ደረጃዎች ግማሹ፣ ማለትም 8,192ቱ፣ በጣም ደማቁ ስቶፕ (ብርሃን በእጥፍ የሚጨምርበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት አንድ እርከን) ውስጥ ናቸው፤ ቀጥሎ ላለው 4,096፣ ከዚያም 2,048 እያለ ወደ ጨለማው ይቀንሳል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ሂስቶግራሙን ወደ ቀኝ ግፉ» ይላል፤ ሂስቶግራም ማለት የፎቶውን ብርሃን ከግራ (ጨለማ) ወደ ቀኝ (ደማቅ) የሚያሳይ ግራፍ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን በዋናነት የደረጃው ብዛት አይደለም፤ ሴንሰሩ ላይ የወደቀው ብርሃን በበዛ ቁጥር ኖይዙ (ፎቶውን የሚያቆሽሸው ነጠብጣብ) ከብርሃኑ አንጻር ስለሚያንስ ነው። ልዩነቱ በተግባር ለውጥ ያመጣል፦ አይኤስኦን (ሴንሰሩ የመዘገበውን የሚያጎላውን ቁጥር) ከፍ ማድረግ ብርሃን አይጨምርም። ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/2500 ሴኮንድ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ደግሞ ሌንሱ እስከሚከፈትበት ከሆነ፣ አይኤስኦ ጨምሮ ሂስቶግራሙን ወደ ቀኝ መግፋት ነጩን ወደ መቃጠል ከማቅረብ ሌላ እምብዛም አይጠቅም። እንዲህ ሲሆን አይኤስኦውን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አንሱና በኋላ ኮምፒውተር ላይ አብሩት።

ካሜራውን ማዘጋጀት

ሮውን «ሎስለስ ኮምፕረስድ» በሚለው ምርጫ፣ በ14 ቢት አስቀምጡ፤ ጥራቱ ሳይጎድል ፋይሉ ይቀላል። ፎቶውን ወዲያው በስልክ መላክ ካላስፈለገ ጄፔግ አትጨምሩ፣ ካርዱን ከንቱ ይሞላል።

ካሜራው ጀርባ ላይ የምታዩት ሂስቶግራም የሮው አይደለም፤ ካሜራው ራሱ ከሮው ያዘጋጀው ጄፔግ ነው የሚለካው። ፒክቸር ስታይሉ (ለጄፔጉ የሚሰጠው የቀለም ምርጫ) «ቪቪድ» ወይም «ላንድስኬፕ» ከሆነ ሮው ውስጥ ደህና ያለውን ላባ ተቃጥሏል ይላችኋል። ስለዚህ «ኒውትራል» ወይም «ፍላት» ላይ አድርጉ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ይላል፣ ግን እውነቱን ይነግራችኋል። የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ማስጠንቀቂያ አብሩት። ጥላን በራሱ የሚያበራውን አገልግሎት (የተለያየ ካምፓኒ የተለያየ ስም ይሰጠዋል) ዝጉት፤ አንዳንዶቹ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ሳይነግሯችሁ ይቀንሳሉ። ዋይት ባላንስ (የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ) ሮውን አይለውጥም፣ ሆኖም «ዴይላይት» ላይ ብታቆሙት በተከታታይ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው ይከፈታሉ።

ሰዓቱን አትርሱ። ካሜራው የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን ቀን ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ለእሱ 07፡00 ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ፋይሎቹ ወደ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመዘገባሉ፣ በኋላ በቀን ስትፈልጓቸው አታገኟቸውም።

ኤክስፖዠር

ብርሃኑ ካልተለዋወጠ ሙሉ ማንዋል (ሁሉንም በእጅ መሙላት) ይሻላል። ዓሣ አዳኙ ንስር ከሰማይ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ውሃ ሲወርድ ከኋላው ያለው ነገር ይቀያየራል፣ እሱ ላይ የምታርፈው ፀሐይ ግን ያው ናት። በአውቶ የሚሠራ ካሜራ በእያንዳንዱ ፍሬም ሐሳቡን ይቀይራል።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነች ሸተር 1/3200፣ አፐርቸር ኤፍ 6.3፣ አይኤስኦ 400 ጥሩ መነሻ ነው። ለሳቢሳ አይኤስኦውን 250 አድርጉ፣ ለጥቁር ወፍ 640። ከዚያ ነጭ ወፍ ላይ አንድ ፎቶ አንሱና ማስጠንቀቂያው ነጩ ላይ ብልጭ ማለት እስኪጀምር ጨምሩ፤ ሲጀምር አንድ ሦስተኛ ስቶፕ መልሱ። በቃ፣ ብርሃኑ እስኪቀየር አትንኩት። በማለዳ ግን ፀሐይዋ በፍጥነት ስለምትወጣ በየአሥር ደቂቃው መፈተሽ አለባችሁ። ደመና ሲመላለስ ማንዋሉን ከአውቶ አይኤስኦ ጋር አጣምሩትና በኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ) አስተካክሉ፦ ነጭ ወፍ በጥቁር ውሃ ላይ ከሆነ ከ0.7 እስከ 1.3 ስቶፕ ቀንሱ፤ ጥቁር ወፍ በደማቅ ሰማይ ላይ ከሆነ ከ1.3 እስከ 2 ጨምሩ።

ነጭና ጥቁር አንድ ወፍ ላይ ሲገናኙ ወሳኙ ነጩ ነው። እንጦጦ አካባቢ የሚታየውን ባለ ወፍራም ምንቃሩን ቁራ ተመልከቱ፦ ገላው ድፍን ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ምልክት። ካሜራው ጥቁሩን ግራጫ ለማድረግ ሲታገል ማጅራቱን ያቃጥለዋል። የማጅራቱን ላባ አድኑ፤ ጥቁሩን ከሮው ውስጥ ማውጣት ይቻላል። ዓሣ አዳኙ ንስርም ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ ስለሆነ ያው ነው።

ለሸተር ስፒድ፣ የቆመ አባ ኮዳ በ1/500 ይያዛል፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲበር 1/1600 ይበቃዋል። ውሃ ላይ ባለበት እየተርገበገበ የሚያደባው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን ከ1/2500 በታች ክንፉ ይደበዝዛል። በኤሌክትሮኒክ ሸተር የተነሣ ክንፍ የተጣመመ ከመሰለ ጥፋቱ የፎከስ አይደለም፤ ሴንሰሩ መስመር በመስመር ሲነበብ ክንፉ ቦታ ለውጦ ነው። በሜካኒካል ሸተር ድገሙት። አንዳንድ ካሜራዎች በፈጣኑ ኤሌክትሮኒክ ሸተር ሲያነሱ ከ14 ወደ 12 ቢት እንደሚወርዱም የካሜራው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አረጋግጡ።

አንድ ሮው 30 ሜጋባይት ቢሆንና በሴኮንድ 20 ፎቶ ብታነሱ በየሴኮንዱ 600 ሜጋባይት ይመጣል ማለት ነው። ቪ30 የተጻፈበት ካርድ ዋስትና የሚሰጠው በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ለመጻፍ ነው፤ ቪ90 ደግሞ 90። ትርፉ ባፈር በሚባለው የካሜራው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ይጠራቀምና ሲሞላ ካሜራው ይንቀራፈፋል፤ ንስሩ ጥፍሩን ውሃው ውስጥ የሚከትበት ቅጽበት ያመልጣል። ጣታችሁን አጥብቃችሁ አትያዙ፤ ግማሽ ሴኮንድ፣ እረፍት፣ ግማሽ ሴኮንድ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሐይቅ ላይ በርቀት የሚነሣ ፎቶ የሚለሰልሰው ብዙ ጊዜ በሙቀት ከሚናወጥ አየር ነው። ከፎከስ ስህተት ለመለየት ተከታታይ ፍሬሞችን አወዳድሩ፤ የምንቃሩ ጠርዝ ከፍሬም ፍሬም የሚሞገድ ከሆነ አየሩ ነው፣ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ቀርባችሁ አንሱ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ተመለሱ።

ኮምፒውተር ላይ

መጀመሪያ ቅጂ። ካርዱን ወደ ላፕቶፕና ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ሁለቱም ጋ ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ እስክታዩ ካርዱን አታጥፉ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ዴስክቶፕ ላይ የሚገለበጥ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይመረጣል።

ቀጥሎ መምረጥ። ፎቶውን 100 በመቶ አጉልታችሁ ዓይኑን እዩ፦ የዓይኑ ጠርዝ ስል ካልሆነ የቀረው ቢያምርም ጣሉት። ጭንቅላቱ ወደ እናንተ ትንሽ ያዘነበለበትን፣ ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ ያለበትን አስቀሩ።

ሮውን ከሚያሰናዱት ሶፍትዌሮች ላይትሩም ክፍያ አለው፤ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ በነፃ ናቸው፣ ለወፍም በቂ ናቸው። አዲስ ካሜራ ገዝታችሁ የድሮው ሶፍትዌር ሮውን አልከፍትም ካለ የፋይሉን ስም መጨረሻ መቀየር ዋጋ የለውም። የአዶቢን ነፃ የዲኤንጂ መቀየሪያ ተጠቀሙ።

ሳቢሳውን በላይትሩም እንሥራው። ሌንስ ፕሮፋይሉን (የሌንሱን ጉድለት የሚያርመውን) አብሩ፣ ዋይት ባላንሱን 5,300 ኬልቪን አካባቢ አድርጉ። ወፉ ቅጠል ሥር ከሆነ ላባው አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ቲንቱን ወደ ማጀንታ ከ5 እስከ 15 ግፉት። ኤክስፖዠር 0.3 ጨምሩ፣ ሃይላይት (የደማቁን ክፍል ማስተካከያ) በ40 ገደማ ቀንሱ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሃይላይቱን እስከ መጨረሻው 100 ይቀንስና ሳቢሳው በአመድ የተንከባለለ ይመስላል። ነጭ ነጭ መሆን አለበት። ጠቋሚውን በጣም ደማቁ ላባ ላይ አድርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡ፤ ከ94 እስከ 97 በመቶ ከሆነ ላባው ነጭ ነው፣ መስመሩም አለ።

በቀን ብርሃን ቀድሞ የሚሞላው የሴንሰሩ አረንጓዴ ቻናል ነው። እሱ ብቻ ከተቃጠለ ሶፍትዌሩ ከቀይና ከሰማያዊ ተነሥቶ ይገምተዋል፤ ነጭ ወፍ ላይ ግምቱ ጥሩ ነው፣ ደማቅ ቀለም ያለው ወፍ ላይ ግን ቀለሙ ይዛባል። ነጩ ላይ ሮዝ ጥላ ካያችሁ የሃይላይት መልሶ ግንባታው ጠፍቷል ወይም ዘዴው አልተስማማም ማለት ነው፤ ዳርክቴብል ላይ ሌላ ዘዴ ምረጡ።

ለቁራው ሻዶውን (የጨለማውን ክፍል ማስተካከያ) ከ30 እስከ 50 ክፈቱ፣ ከዚያ አትለፉ። ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ ከላባው ላይ የሚያብለጨልጨው ወዝ ይጠፋል።

ኖይዝ ማጥፋት ከስለት (ሻርፕኒንግ) በፊት ይምጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቀመው የላይትሩም ዲኖይዝ 50 ላይ ይነሣል፤ ለወፍ ከ25 እስከ 40 ይበቃል። ከዚያ በላይ ላባ «መፈልሰፍ» ሊጀምር ስለሚችል ዓይኑ ዙሪያ ያሉትን ደቃቅ ላባዎች ካልተነካው ፎቶ ጋር አስተያዩ። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ወፉን በማስክ ለይታችሁ ከኋላ ያለውን አጥብቃችሁ አለስልሱ፣ ወፉን በጥቂቱ።

ለስለት፦ መጠን 50፣ ራዲየስ 0.8፣ ዲቴል 30፣ ማስኪንግ 70። የማስኪንጉን ቁልፍ ስትጎትቱ አልት ተጭናችሁ ያዙ፤ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ የሚሳለው ነጩ ብቻ ነው። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር ጎትቱ። በወፉ ዙሪያ ነጭ ክር ከታየ ስለቱን ወይም ክላሪቲውን አብዝታችኋል።

ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ (6000 በ4000) ግማሽ ወርዱንና ግማሽ ቁመቱን ከቆረጣችሁ የሚቀረው 6 ሜጋፒክስል ነው። ለስልክ ይተርፋል። በ300 ዲፒአይ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ለማተም ግን 3543 በ2362 ስለሚያስፈልግ ትንሽ ያንሳል።

ስታወጡት የቀለም ስፔሱ ኤስአርጂቢ ይሁን፤ አዶቢ አርጂቢ ላይ ያወጣችሁት ፎቶ ብዙ ስልክ ላይ ቀለሙ የገረጣ ይሆናል። ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል፣ የጄፔግ ጥራት 85፣ «ሻርፕን ፎር ስክሪን» በርቶ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የአንገቱ ደቃቅ መስመር ይጨፈለቃል።

ዳርክቴብል ሥራችሁን የሚጽፈው ከሮው ጎን በምትቀመጥ ኤክስኤምፒ በምትባል ትንሽ ፋይል ነው፤ ላይትሩም ደግሞ ካላዘዛችሁት በስተቀር የሚጽፈው ካታሎጉ ውስጥ ነው። ሮውን ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ ከወሰዳችሁ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይቀራል፣ ስለዚህ ኤክስኤምፒውን ወይም ካታሎጉን አብራችሁ ገልብጡ። ሁለቱም ቅጂዎች ከተረጋገጡ በኋላ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት።