የስልክዎን ባትሪ ዕድሜ ለማራዘም

የስልክ ባትሪ ጨርሶ ሳያልቅ ቻርጅ መደረግ የለበትም የሚለው ምክር ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ስለምሰማ ይህን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ምክሩ የመጣው ከቀድሞዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበውና ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን (ፈልሳፊዎቹን በ2019 ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያበቃ፣ በእኔ ግምት ከዘመናችን ታላላቅ ፈጠራዎች አንዱ ነው) ጠባዩ የተለየ በመሆኑ፣ በተደጋጋሚ ባዶ መሆንም ሆነ መቶ በመቶ ሞልቶ ለረጅም ሰዓት መቆየት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል እንዲቆይ ማድረግ ይበጃል፤ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት መሙላትም አይጎዳውም። በርካታ አዳዲስ ስልኮች ሙሌቱን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም አማራጭ ስላላቸው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባትሪ በሚለው ሥር ፈልጉት።

ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ሙቀት ነው። ስልኩን ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት የመኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው፣ ቻርጅ ላይ እንዳለ ከባድ ጌም መጫወት ባትሪውን ውስጥ ውስጡን ይጎዱታል። በሚሞላበት ጊዜ ጀርባው በጣም ከጋለ ከቨሩን አውልቃችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት። ለወራት የማትጠቀሙበትን ስልክ ደግሞ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ አኑሩት።